ያገለገለ አርቲኤክስ 4090 ጎንደር ላይ ቀርቦልኛል፤ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልፈትሽ?

ፒያሳ_ጌመር

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ የሚሸጥ ሰው አለ። ባለ ሦስት ፋን ነው፤ ካርቶኑ አለ፣ ደረሰኝ ግን የለውም። ሌላው አማራጭ አዲስ አርቲኤክስ 4080 ሱፐር ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። የዋጋ ልዩነታቸው ያን ያህል ስላልሆነ ልቤ ወደ 4090 አድልቷል።

አሁን ያለኝ ዕቃ ይሄ ነው፦ ራይዘን 5 5600፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 650 ዋት ብሮንዝ ፓወር ሰፕላይ፣ 1080ፒ የሆነ ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር፣ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው)። ኬዙ እስከ 330 ሚሊሜትር የሚረዝም ካርድ ይቀበላል።

ሻጩ ቤቱ ሄጄ ለአንድ ሰዓት እንድሞክረው ፈቅዷል። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ምኑን አስቀድሜ ምኑን ላስከትል? ክሪፕቶ ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ቁፋሮ) ላይ የዋለ ቢሆንስ በምን ይታወቃል? መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤትስ እንዲህ ያለ ካርድ ይበረክታል ወይ? እባካችሁ በቁጥር ንገሩኝ።

አዘዞ_ሃርድዌር

ወንድምዓለም፣ አንድ ሰዓት በደንብ ይበቃል። ብቻ ሶፍትዌሮቹን ቀድመህ በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ እዚያ ኢንተርኔት ቢያስቸግር ሰዓቱ በማውረድ ያልቃል። ጂፒዩ-ዚ (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ)፣ ኤችደብሊውኢንፎ (ሙቀት የሚያነብ)፣ ኦሲሲቲ (ጫና የሚሰጥ) እና አፍተርበርነር (ፋኑንና ኃይሉን የሚቆጣጠር) ይበቁሃል። አራቱም ለግል አገልግሎት ነጻ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ሳይበራ ጀምር። ካርዱ ከኬዙ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና መጀመሪያ የኃይል መሰኪያውን እይ። 4090 ኃይል የሚያገኘው ባለ 16 ፒን በሆነች አንዲት ትንሽ ሶኬት ነው፤ 12ቱ ፒኖች ኃይል ያመላልሳሉ፣ 4ቱ ቀጫጭኖች ምልክት ብቻ ይለዋወጣሉ። ካርዱ 450 ዋት ሲስብ በ12 ቮልት 37 አምፔር ተኩል ማለት ነው፤ ይሄ በስድስት ፒን ገብቶ በስድስቱ ይመለሳል፣ ለእያንዳንዷ ከ6 አምፔር በላይ ይደርሳታል። መሰኪያው እስከ መጨረሻው ሳይገባ ከቀረ አንዳንዱ ፒን በደንብ አይነካም። ያኔ የሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይጫናል፣ እነሱ ይግላሉ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በዚህ ካርድ ላይ በብዛት የተሰማው ብልሽት ይሄ ስለሆነ ለሶኬቱ አምስት ደቂቃ ብትሰጠው አይበዛም።

የስልክህን መብራት አብርተህ ካሜራውን አጉላና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ተመልከት። የጤነኛ ቀዳዳ ጠርዝ በምላጭ እንደተቆረጠ ጥርት ያለ ነው፤ ማዕዘኑ ይታያል። የጋለው ግን ጠርዙ ይድቦለቦላል፣ ወደ ውስጥ ያብጣል፣ አንዳንዴ በፒኗ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ይይዛል። ፒኖቹም አንድ ዓይነት ብርማ ቀለም ሊኖራቸው ይገባል፤ ከመካከላቸው አንዷ ጠቁራ ወይም ጥላሸት ይዛ ካየሃት እሷ ግላለች። የገመዱንም ጫፍ እንዲሁ እይ። ሻጩ ገመዱን ከደበቀ ወይም «ጠፋብኝ» ካለ ሶኬቱን ሁለት ጊዜ እይ።

ቀጥሎ ካርዱን ገልብጠህ ማዘርቦርዱ ውስጥ የሚገባውን ወርቃማ ጥርስ ፈልግ። በጥርሱ ጫፍ፣ ማዘርቦርዱ በሚቆልፍበት መንጠቆ አጠገብ፣ ፀጉር የምታክል መስመር አለች ወይ? እነዚህ ካርዶች ከ2 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ ድጋፍ ሳይደረግላቸው ሲንጠለጠሉ፣ በተለይ ኬዝ ውስጥ እንደተገጠሙ በመኪና ሲጓዙ፣ የሚሰነጠቁት እዚያ ጋ ነው። ስንጥቅ ካየህ በዋጋ መከራከር የለም፤ አመስግነህ ውጣ። ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ተቆርጠው ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ቢሠራ ነገ ላይሠራ ይችላል።

የብሎኖቹን ራስም እይ። የተፋቀ ብሎን ካርዱ ተከፍቶ እንደነበር ይነግርሃል። ያ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ፔስት (ቺፑ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀይረውለት ይሆናል፤ ግን ለምን እንደተከፈተ ጠይቅ። ፊኖቹ (የማቀዝቀዣው ስስ ብረቶች) መካከል ያለው አቧራ ደረቅ ከሆነ በአየር ይወጣል። የዕጣንና የከሰል ጭስ ባለበት ክፍል የቆየ ካርድ ግን አቧራው ከጭሱ ቅባት ጋር ተጣብቆ እንደ ደበሎ ይሆናል፤ አየር ቢነፋበትም አይለቅም፣ የግድ ተፈትቶ ይታጠባል። ፋኖቹን በጣትህ ቀስ ብለህ አሽከርክር። ካንገራገሩ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዙ ቤሪንጋቸው አልቋል።

አሁን ይገጠምና ይብራ። ውጭ አገር ዋናው ቺፕና ሜሞሪዎቹ ተነቅለው ባዶውን የተሸጠ 4090 ተገኝቷል፤ ስለዚህ በርቶ ሳታየው ገንዘብ አታውጣ። ጂፒዩ-ዚን ከፍተህ እነዚህን አመሳክር፦ ሼደር (የማስሊያ ክፍሎቹ ብዛት) 16384፣ ሮፕ (ምስሉን የሚያጠናቅቁት ክፍሎች) 176፣ ሜሞሪ 24 ጊጋባይት ጂዲዲአር6ኤክስ፣ የሜሞሪ ስፋት 384 ቢት። ሼደሩ 14592 ካለ ካርዱ ለቻይና ገበያ የወጣው 4090 ዲ ነው፤ መልካም ካርድ ነው፣ ዋጋው ግን የ4090 ሊሆን አይገባም። የሌላ ካርድ ባዮስ (መነሻ ሶፍትዌር) ተጭኖበት ስሙ የተለወጠ ከሆነ ጂፒዩ-ዚ ብዙ ጊዜ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፍልሃል። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሩ «ኤክስ 16» ይበል። ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱ ወደ 1.1 መውረዱ ኃይል ለመቆጠብ ስለሆነ አያስደንግጥህ፤ ከጎኑ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭነህ ጫና ስትሰጠው ይወጣል። ከ16 ይልቅ 8 ወይም 4 ካሳየ ጥርሱ ቆሽሿል፣ ተጎድቷል፣ ወይም ማዘርቦርዱ ራሱ መስመሩን እያካፈለ ነው፤ ካርዱን አውጥተህ ጥርሱን ጠርገህ ድገመው።

ከዚያ ወደ ጫናው። ኤችደብሊውኢንፎን ክፈትና በኦሲሲቲ የ3ዲ ፈተናውን ለ20 ደቂቃ አሂድ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ንባብ አትመን፤ ሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚስበው ብረት) ትልቅ ስለሆነ ግሎ እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል። የምትመዘግበው ሦስት ቁጥር ነው፦ የቺፑ ሙቀት፣ የሆት ስፖቱ (የቺፑ እጅግ የጋለ ነጥብ) ሙቀት፣ የሜሞሪው ሙቀት። በቺፑና በሆት ስፖቱ መካከል ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ልዩነት ጤነኛ ነው። ልዩነቱ ከ20 ካለፈ ፔስቱ ደርቋል ወይም ከቺፑ መሃል ተገፍቶ ወጥቷል። ሜሞሪው በ80ዎቹ ውስጥ ቢሆን ችግር የለም፤ 100 ከነካ ፓዱ (ሜሞሪውን ከሂትሲንኩ የሚያገናኘው ለስላሳ ንጣፍ) አልተገናኘም ማለት ነው። ዋናው ነገር ልዩነቱ ነው። የቺፑ ሙቀት ብቻውን በክፍሉ ሙቀትና በፋኑ ፍጥነት ስለሚለዋወጥ ሻጩ መስኮት ከፍቶ ሊያሳምረው ይችላል፤ ልዩነቱን ግን በመስኮት መደበቅ አይቻልም።

በመጨረሻ የኦሲሲቲን የሜሞሪ ፈተና ለ10 ደቂቃ አሂድ፤ አንድ ስሕተት እንኳ ካወጣ አይገዛም። እግረ መንገድህን በአፍተርበርነር ፋኑን 100 በመቶ አድርገህ አድምጥ፣ ሞኒተሩንም በእያንዳንዱ ቀዳዳ እየሰካህ ሞክር። ጫና ላይ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት የኮይሎቹ ድምፅ ነው፤ ያናድዳል እንጂ ብልሽት አይደለም።

ማይኒንጉን በተመለከተ፦ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈር የቆመው በመስከረም 2022 አጋማሽ ነው፤ 4090 የወጣው በጥቅምት 2022። ስለዚህ ይሄ ጥርጣሬ ይበልጥ የሚገባው ለ3090 ነው፤ እሱ ግማሹ ሜሞሪ በጀርባው በኩል ስለሆነ ማይኒንግ ላይ ክፉኛ ይግል ነበር። 4090 ላይ ይልቅ የኤአይ ሥራ ሌት ተቀን ሠርቶበት ይሆናል፤ እሱንም ከላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ያወጡታል።

ማራኪ_144

ፍተሻው ትክክል ነው፤ የምትፈትሸው ካርድ ግን ላንተ አይደለም ባይ ነኝ።

1080ፒ ላይ ከራይዘን 5 5600 ጋር 4090 አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ፕሮሰሰሩ አንድን ፍሬም (ነጠላ ምስል) አዘጋጅቶ እስኪያቀብለው ይጠብቃል። ይሄን አሁን ባለህ ካርድም ማየት ትችላለህ፦ ጌም ውስጥ የካርዱን አጠቃቀም በአፍተርበርነር አሳይና ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርግ። ፍሬሙ ካልጨመረ ያሰረህ ፕሮሰሰሩ ነው። አጠቃቀሙ ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ያሰረህ ካርዱ ነው፤ ያኔ አዲስ ካርድ ይጠቅምሃል።

በኔ አስተያየት ገንዘቡ መሄድ ያለበት መጀመሪያ ወደ 1440ፒ ወይም 4ኬ ሞኒተር ነው። ሁለተኛ ወደ ፓወር ሰፕላዩ። ካርዱ ሦስተኛ ነው። ማዘርቦርዱን መቀየር የለብህም፤ ቢ450 ባዮሱ ከታደሰ ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ ወይም 5800ኤክስ3ዲ ይቀበላል፤ ሁለቱም 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) ስላላቸው ጌም ላይ ከ5600 በግልጽ ይሻላሉ። የማዘርቦርዱ መስመር ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 መሆኑ የሚያሳጣህ ጥቂት በመቶ ነው፤ ለሱ አትጨነቅ።

ሁለቱን ካርዶች ስታነጻጽርም በፍሬም ጀነሬሽን (ካርዱ ራሱ ፍሬም ፈጥሮ በመካከል ሲያስገባ) የተገኘ ቁጥር አትውሰድ። በመካከል የሚገቡት ፍሬሞች ምስሉን ያለሰልሳሉ እንጂ እጅህ ያዘዘውን ፈጥነው አያደርሱም። እሱን አጥፍተህ፣ አንድን ቦታ ሦስት ጊዜ ተጫውተህ፣ ከአማካዩ ጎን «1 በመቶ ሎው» የሚባለውን (የእጅግ ቀርፋፋዎቹን ፍሬሞች ፍጥነት) እይ። አማካዩ 140 ሆኖ ሎው 55 ከሆነ ጌሙ ይንቀጠቀጥብሃል፤ አማካዩ 110 ሎው 90 የሆነው ይሻላል።

4ኬ ላይ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን አካሄድ የሚያሰላውን) ከፍተህ የምትጫወት ወይም ብሌንደር (የ3ዲ ሥዕል ሶፍትዌር) የምትሠራበት ከሆነ 24 ጊጋባይቱ ዋጋ አለው፤ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ለ1440ፒ ግን የ4080 ሱፐር 16 ጊጋባይት በቂ ነው፤ አዲስ ዕቃ ስለሆነም ከነዋስትናው ይመጣል።

ቀበሌ18_ኤሌክትሪክ

መብራቱን እኔ ልመልስ፤ እዚህ አገር ካርድ የሚበላው እሱ ነውና።

ሒሳቡን እንሥራ። 4090 እስከ 450 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 76፣ የቀረው ሁሉ 50 ገደማ፤ ድምር 576 ዋት። ፓወር ሰፕላዩ 90 በመቶ ብቃት ቢኖረው እንኳ ከግድግዳው 640 ዋት ይስባል። ያንተ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ 600 ዋት ነው። ስለዚህ መብራት በሄደባት ቅጽበት ዩፒኤሱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ጮኾ ይዘጋል፤ እንዳልነበረህ ቁጠረው። 4080 ሱፐር 320 ዋት ስለሆነ ድምሩ 446፣ ከግድግዳው ወደ 495 ዋት ይሆናል፤ ይሄን ይሸከመዋል፣ ጌሙን ሴቭ አድርገህ ለመዝጋት ያህል ብቻ።

ሌላው የዩፒኤሱ ሞገድ ነው። ርካሾቹ በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ ይሄን አይቀበሉም፣ ወደ ባትሪ ሲዛወር ድርግም ይላሉ። ለእንዲህ ያለ ካርድ ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣ፣ 1500 ቪኤ ወይም 900 ዋት የሆነ ዩፒኤስ ፈልግ።

650 ዋት ብሮንዙ ለ4090 አይሆንም። አምራቹ ኤንቪዲያ ለ4090 850 ዋት፣ ለ4080 ሱፐር 750 ዋት ይላል። ምክንያቱ አማካይ ፍጆታው ብቻ አይደለም፤ ካርዱ ለሰከንድ ሽራፊ ከአማካዩ በላይ ዘሎ ይስባል። ኤቲኤክስ 3.0 የሚል ፓወር ሰፕላይ እስከ 200 በመቶ የሚደርስ ዝላይ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የቆየው ግን «ሾርት ሆነ» ብሎ ራሱን ይዘጋል። ምልክቱን ለይተህ እወቅ፦ ኮምፒውተሩ ጌም መሃል እንደ ሻማ እፍ ብሎ ከጠፋና ማብሪያውን ሳታጠፋ ሳታበራ ካልተነሣ፣ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ የካርዱ ፋን በሙሉ ኃይሉ ከጮኸ ግን ካርዱን ወይም መሰኪያውን ተጠራጠር።

መብራት ሲሄድ ካርድ የሚጎዳው በመሄዱ ሳይሆን በአመጣጡ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንና ፍሪጁን እንደሰካ መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሲሄድ ዋናውን ማብሪያ አጥፋ፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቀህ አብራ። ቮልቴጁ ዝቅ ስላለ ብቻ ስታብላይዘር አትግዛ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ፓወር ሰፕላይ 180 ቮልት ላይም ያለ ችግር ይሠራል። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብብ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። ኬዙን በባዶ እጅህ ስትነካው ይነዝርሃል? ከነዘረህ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም፤ የፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ የሚያፈሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ መውጫ አጥቶ ኬዙ ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ቤት የኤችዲኤምአይ ገመድ ሁለቱም ዕቃዎች በርተው ሳለ አይሰካም አይነቀልም፤ የካርዱ ቀዳዳ ሊቃጠል ይችላል። መጀመሪያ ሁሉንም ከግድግዳ ንቀል። ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ የኧርዝ ዘንግ አስቀብር።

አዘዞ_ሃርድዌር

ለከፍታችንም አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ ወደ 19 በመቶ ይሳሳል። ፋን የሚገፋው አየር ከሳሳ ይዞ የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ውጭ አገር የተለካ ሪቪው «65 ዲግሪ» ካለ እኛ ጋ በዚያው የፋን ፍጥነትና በዚያው የክፍል ሙቀት በግምት ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ጨምረህ ጠብቅ። ፋኑን በ20 በመቶ ብታፈጥነው፣ ለምሳሌ ከ1500 ወደ 1800 ዙር፣ ልዩነቱን ታካክሰዋለህ። ደግነቱ ክፍላችን አብዛኛውን ዓመት ቀዝቃዛ ነው፤ የሚከብደው መጋቢትና ሚያዝያ ነው፣ አቧራውም የሚበዛው ያኔ ነው።

4080 ሱፐሩን ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ከሆነ በካርቶኑና በስፖንጁ እንዳለ ይምጣ፤ «ኬዝ ውስጥ ገጥመን እንላክልህ» ቢሉህ እምቢ በል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለቱም አለ። ያችን የመንጠቆ ስንጥቅ የሚያመጣው ይሄ ነው።

የኬዝህንም ስፋት ለካ። ርዝመቱ 330 ቢሆንም አንዳንድ 4090 ከ340 ያልፋል። የጎን መስታወቱ ገመዱን እንዳይጫነው፣ ገመዱ ከመሰኪያው ወጥቶ 35 ሚሊሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ ብቻ ነው መታጠፍ ያለበት።

ፒያሳ_ጌመር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ዛሬ ሞክሬዋለሁ። ሶኬቱ ንጹሕ ነው፣ ስንጥቅ የለም፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቺፑ 72፣ ሆት ስፖቱ 97፣ ሜሞሪው 84። የሜሞሪ ፈተናው ስሕተት አላወጣም። ሻጩ «97 ለ4090 የተለመደ ነው» ይላል። ብሎኖቹ አልተነኩም። የ4ኬ ሞኒተር ለመግዛትም ወስኛለሁ።

አዘዞ_ሃርድዌር

25 ዲግሪ ልዩነት የተለመደ አይደለም። ሜሞሪው 84 ላይ መሆኑ ግን ጥሩ ዜና ነው፤ ፓዶቹ ጤነኞች ናቸው፣ የቺፑ ፔስት ብቻ ነው ያለቀው። የ4090 ቺፕ ወደ 609 ካሬ ሚሊሜትር የሚሆን ሰፊ ነው፤ ሲግልና ሲበርድ ቀጭኑ ፔስት ከመሃል ወደ ጠርዝ ይገፋል። ስለዚህ ይሄ የሚድን ነው። ልዩነቱን ለሻጩ በስክሪኑ ላይ አሳየውና የፔስቱንና የባለሙያውን ዋጋ ከካርዱ ላይ እንዲቀንስ ጠይቅ። 4ኬው ከተወሰነ እኔም ግዛው እላለሁ፣ ግን ባለ 850 ዋት ኤቲኤክስ 3.0 ፓወር ሰፕላይ አብረህ ቁጠር።

ስትከፍተው መጀመሪያ አስር ደቂቃ ጌም አጫውተውና ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ንቀል፤ ሞቅ ያለ ፓድ ሳይቀደድ ይላቀቃል። የፋኑን ቀጫጭን ገመዶች ሳትነቅል ሂትሲንኩን አትሳብ፤ ሶኬታቸው ተነቅሎ ይወጣል። ፓዶቹ ካልተቀደዱ እንዳሉ ተዋቸው። ውፍረታቸው ከካርድ ካርድ ይለያያል፤ የግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት ሂትሲንኩን ከቺፑ ያርቀዋል። ቺፑን 99 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል ጥረግ፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 በመቶው ውሃ ስላለበት አይሆንም። ፔስቱ ወፍራም ዓይነት ይሁን፣ ቺፑን እስከ ማዕዘኖቹ በስሱ ሸፍነው። በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ዙር እየሰጠህ አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ቺፑ በአንድ ጠርዝ ይጨነቃል፣ ልዩነቱም ተመልሶ ያው ይሆናል።

ቀበሌ18_ኤሌክትሪክ

ከገጠምከው በኋላ አፍተርበርነር ላይ «ፓወር ሊሚት» የሚለውን 75 አድርገውና አስቀምጠው። 450ው ወደ 338 ዋት ይወርዳል፤ ከፍሬሙ የሚቀነሰው ጥቂት በመቶ ነው። ከግድግዳው 515 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ያለህ ዩፒኤስም ለጊዜው ይችለዋል፤ ሞገዱን ካልተቀበለው ግን ቀድሞ ባልኩህ ዓይነት መቀየርህ አይቀርም። ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ እንዲጭነው የምታደርገውን ምልክት እንዳትረሳ፤ አለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር ካርዱ ወደ 450 ይመለሳል።